የልጅ ወንፈል

ፓፓያ የማትበላ ሴት ፓፓያ ልትገዛ ከመጣች አንድ ነገር አለ። ሮማን ፓፓያ እንደማትበላ መርሳ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ «ሆዴን ይነፋኛል» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። ሥራዋም ደላላነት ነው፤ ሰው ወደ ዓረብ አገር ትልካለች። ታዲያ ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ከአስፋልቱ ዳር ፍራፍሬ ወደምትሸጥበት መደብ መጥታ አንዱን ፓፓያ ስታገላብጥ አየኋትና፣ ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ። ወንድሜን እያጠብኩት ነበር።

«የቤት ሥራ ነው፤ ሁለት ዓመት ብቻ» አለች ሮማን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሐሙስ ከሐራ የምትነሳ መኪና አለች። ቁርጡን አሁን አትንገሪኝ። ሐራ ከመጣሽ መጣሽ፤ ካልመጣሽም ቀረሽ።»

«ልጁስ?» አለች እናቴ።

«ዙልፋ ምን ሆነች? ደርሳለች እኮ! ከአንቺ የበለጠ ትይዘዋለች።»

ዙልፋ እኔ ነኝ። መድረሴን አላውቅም፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። «ልጁ» የሚባለው ደግሞ ወንድሜ ዓሪፍ ነው።

እናቴ እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች። እሷ እንቢ ማለት የማያቅታት ሴት ናት፤ በማንጎ ዋጋ ከሾፌር ጋር ስትጣላ ብታዩዋት! ሮማን ፓፓያውን ቦታው መልሳ ሄደች። እኔ በውሃ የተሞላውን ጆግ እንዳነሳሁ ደርቄ ቀረሁ። ዓሪፍ ውሃው ለምን እንደቆመ ስላልገባው ጆጉን በግንባሩ ገጨው።

ዓሪፍ አሥረኛ ዓመቱን ይዟል። አያወራም። የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ ሲያሽከረክር ቢውል አይሰለቸውም። የከባድ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ግንቡን በጭንቅላቱ ይመታል፤ እኛ ደግሞ ቤታችን አስፋልት ዳር ነው። ሊመሻሽ ሲል እግሩን ምን እንደሚነካው አላህ ይወቅ፣ በሩ ተከፍቶ ካገኘ ይሮጣል፤ የሚሮጠውም ውሃ ወዳለበት ነው። ከመርሳ ወንዝ አንዴ፣ ከሰው ማሳ ቦይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አውጥተነዋል። ወልድያ ያለ ሐኪም «ኦቲዝም ነው» አለን። መጀመሪያ ስሰማው የመድኃኒት ስም መስሎኝ «ስንት ጊዜ ነው የሚውጠው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ አልሳቀም። መድኃኒትም የለውም አለ።

አባታችን አብዱልሐሊም ጅዳ ነው። ድሮ በየጁምዓው ይደውል ነበር። የሐኪሙን ነገር ከነገርነው ወዲህ ጁምዓው ራቀበት።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ሰባተኛ ተመዝግቤ ነበር። ግን እናቴ ስትሸጥ ዓሪፍን የሚይዘው ጠፋ። ወይ እሱ ይታሰራል፣ ወይ እኔ ቤት እታሰራለሁ። ለትንሽ ጊዜ እሱ ታሰረ፤ ወገቡን በነጠላ፣ ነጠላውን ከማንጎው ግንድ ጋር። ሰው እያለፈ አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥ ነፃ ነው፤ «እስቲ እኔ ልያዝልሽ» ያለ ግን አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ እኔ ቀረሁ።

እናቴ ኢሕሳን እንደዚህ አልነበረችም። ሰርግ ቤት የምታሞቀው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ልትደርስ ዓሪፍን ይዛው ሄደች፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሙሾ ሲያወርድ እሱ መሃል ቆሞ ሳቀ። ከልቡ፣ በሽንጡ እስኪታጠፍ። ልጃቸው ሞታባቸው ይህን ማን ይችላል? «ልጇን እንዲህ ነው ያሳደገችው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ አትሄድ፣ ለቅሶ አትደርስ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው ደግሞ እኛ አገር ከሞተው ሰው በምን ይሻላል?

ሌላም ነገር ነበር። ሽንት ቤት ገብታ ትቆያለች። መጀመሪያ ሆዷን ያመማት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለን እሱ ብቻ ነው።

ብርቱካን ከምትባል ሴት ጋር የተገናኘነው ወልድያ ሐኪም ቤት ነው። የሲሪንቃ ሰው ናት፤ ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ደሳለኝ እርሻ ላይ ዘበኛ ነው። ሊዲያ የምትባል ልጅ አለቻት። ሊዲያ ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ታዜማለች፤ ሲከፋት የራሷን እጅ ትነክሳለች። ያን ቀን ሁለቱ ልጆች አግዳሚው ሥር ገብተው አንወጣም አሉ። ሁለቱ እናቶች ሊያወጧቸው ሲያጎነብሱ ግንባራቸው ተጋጨ። አብረው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አብረው ሳቁ። እናቴን ስትስቅ ከሰማሁ ስለቆየሁ ደነገጥኩ።

ነገሩን ያመጣችው ብርቱካን ናት።

«አጨዳ በወንፈል ነው» አለች። «አረምም በወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ያንቺን፣ ነገ አንቺ የኔን። ከእነዚህ ጋር መዋል ከአጨዳ ያንሳል?»

«አጨዳማ ያልቃል» አለች እናቴ።

«በይ እንግዲያ! አንድ ቀን አንቺ ሁለቱንም ትይዣለሽ፣ እኔ ወደፈለግኩበት እሄዳለሁ። በሌላው ሳምንት እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ትሄጃለሽ። የት ሄድሽ፣ ምን ሠራሽ መባባል የለም።»

ወንፈል ቀልድ አይደለም። ታርሶለት፣ ታጭዶለት፣ ተራው ሲደርስ የቀረ ሰው እኛ ዘንድ ከሌባ ይብሳል። ሲሞት እንኳ ያነሱበታል።

መጀመሪያ የሰጠነው እኛ ነን። ብርቱካን ሊዲያን መርሳ አምጥታ ትታልን ሄደች። ውሎውን አልነግራችሁም፤ ሊዲያ ታዜማለች፣ ዓሪፍ ዜማውን ፈርቶ ይጮኻል፣ ሊዲያ ጩኸቱን ፈርታ እጇን ትነክሳለች፣ እኔና እማ መሃል ቆመን እንደ ዳኛ እንሮጣለን። ማታ ላይ ብርቱካን ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። እናቴ ሹሩባውን በእጇ እየነካች «የኔ ቀን ሐሙስ ይሁን» አለች።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ሮማን ከመጣች በኋላ ግን ሁለቱ ሐሙሶች አንድ ቀን መሆናቸው ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እማን መጠበቅ ያዝኩ። የዓሪፍን ልብስ በሙሉ አጠበች፤ ንጹሑን ሳይቀር። ተኝቶ ሳለ የእግሩን ጥፍር ቆረጠች። እኔን ጠርታም «ሲጮኽ አትጩኺበት» አለችኝ፤ «ከኋላው ሆነሽ ጠበቅ አድርገሽ እቀፊው፤ ፊቱን አትዪው። ዳቦውን ከቢጫው ሳህን ሌላ ላይ እንዳትሰጪው።»

«አውቃለሁ እኮ እማ!»

«እወቂው።»

«ከአንቺ የበለጠ አውቃለሁ» ልል ነበር፤ ሮማን ያለችው ትዝ አለኝና ምላሴን ነከስኩት። አዲሱን ቀሚሷን በጨርቅ ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ስትከትም አይቻለሁ። «ሐራ ልትሄጂ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሦስት ቃል አያልፍም ነበር። እኔ ምላሰኛዋ፣ እኔ አስተማሪ የማሳፍረው፣ አልጠየቅኩም። ብጠይቃት «አዎ» ልትለኝ ትችላለች።

ሐሙስ ጠዋት ከመርሳ በሚኒባስ ሲሪንቃ ወረድን። የብርቱካን ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ከመስኖ ቦይ አጠገብ ነው። እማ ዓሪፍን በር ላይ አስረከበች። ዓሪፍ ዞር ብሎም አላያት። ፌስታሉን በብብቷ ይዛ ቆማ ቆማ፣

«ከአሱር በፊት እመጣለሁ ኢንሻአላህ» አለች።

«ሂጂ፣ ቀንሽን አትብዪ» አለቻት ብርቱካን በእጇ እየገፋቻት።

የወልድያ መኪና ቆመላት፤ ገባች። ሐራ የሚኬደውም በወልድያ በኩል ነው። ስለዚህ ምንም ማወቅ አልቻልኩም። አቧራው እስኪረጋ ቆሜ ቀረሁ።

ረፋዱ ደህና ነበር። ብርቱካን ጎበዝ ናት፤ ሊዲያን ጓሮ፣ ዓሪፍን በረንዳ አድርጋ እኛ መሃል ተቀመጥን። ጎረቤቷ እማማ ፋንቱ ግን ዘንጋቸውን ይዘው ሊያዩ መጡ። እኚህ ሴትዮ የሰው ቤት ካላዩ ምሳ አይወርድላቸውም መሰለኝ።

«ይኼኛው ደግሞ የማን ነው?» አሉ።

«ወንድሜ ነው እማማ። ደህና አደሩ?»

«ያው እንደ ሊዲያ ነው?»

«ያው ነው።»

«እኔማ ለዚች ጠበል ውሰጂያት ብዬ ብዬ ደከመኝ። እናንተስ ምንም አላደረጋችሁለት?»

«ዱዓ ተደረገለት እማማ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ድቤ እየመታ ሲለምንለት፣ እሱ ድቤውን ፈርቶ የሰው ጣራ ላይ ወጣ። ዱዓውን ትተው እሱን ለማውረድ መሰላል ፍለጋ ሄዱ።»

እማማ ፋንቱ ሳቁ። ጥርስ ስለሌላቸው ሲስቁ ሕፃን ይመስላሉ። «አንቺስ ምላስሽን ማን ጠበል ወሰደው?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ዓሪፍ ጎንበስ ብለው «አንተ! ስምህ ማነው! አንተ!» እያሉ መጮኽ ጀመሩ።

«እማማ፣ አይሰማም አላልንም እኮ። አንቱ ሲጮኹ ነው የሚብስበት።»

«ኧረ ይቺ ልጅ!» አሉና ሄዱ። ብርቱካን በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ረሳሁ።

አሱር ሆነ። ከመንገዱ ማዶ ካለው መስጊድ አዛን ተሰማ፤ ዓሪፍ ጆሮውን ያዘ። እኔ በር ላይ ወጣሁ። ከወልድያ የሚመጣ መኪና ሁሉ ሲቀርብ የሚቆም ይመስላል፤ ግን አይቆምም። አንዱ ቆመ፤ የወረደው በግ የያዘ ሰውዬ ነው።

«ስልክሽን ስጪኝ እትዬ፣ እማ ጋ ልደውል» አልኳት ብርቱካንን። ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው ያለችኝ የስልኳ ሴትዮ ድምጿ ምንም አልተለወጠም፤ ሺህ ጊዜ ብትጠይቃት ሺህ ጊዜ በዚያው ድምፅ ነው የምትመልስልህ።

«ባትሪ ጨርሳ ይሆናል» አለች ብርቱካን።

«ማታ ሞልታዋለች።»

«ሰው አግኝታ ትጫወት ይሆናል፤ ስንት ጊዜዋ ነው ሰው ካገኘች!»

ጥላው በረንዳውን አልፎ ግቢው ላይ ወረደ። ዓሪፍ ክዳኑን ማሽከርከር ትቶ ተነስቶ መቆም ጀመረ። ይኼ ጥሩ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ወደ በሩ ማየት ነው የሚመጣው። ያኔ አላስቻለኝም፤ ሮማንን፣ ፓፓያውን፣ ሐራ የምትነሳውን መኪና፣ ፌስታሉን፣ ሁሉንም ለብርቱካን ዘረገፍኩት።

ብርቱካን «ውሸት ነው» ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም። ሊዲያን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግ ቆየች።

«እኔም እኮ ባለፈው» አለች ቀስ ብላ፣ «በቀኔ፣ የደሴ አውቶቡስ ውስጥ ነበር የገባሁት።»

«ደሴ ምን ልታደርጊ?»

«ምንም። ደሴ ሰው የለኝም። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ መኪናው ቀስ እያለ ሞላ። ሊነሳ ሲል ወረድኩ።»

«ሹሩባውስ?»

«ከወረድኩ በኋላ ነው የተሠራሁት። ባዶዬን ምን ብዬ እመለሳለሁ? ሰው የት ነበርሽ ሲለኝ ጭንቅላቴን እንዳሳይ ነው።»

«ምን አወረደሽ?»

«ወንፈሉ!» አለች፤ ነገሩ ሞኝነት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ አፍራ ሳቀች። «የሊዲያ እናት ነኝ፣ የደሳለኝ ሚስት ነኝ፣ እሱ አልመለሰኝም። ኢሕሳን ቀኗን ሰጥታኝ፣ የሷን ቀን በልቼ የት እገባለሁ አልኩ። ተራው የኔ ነው አልኩ።»

ትንሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ደስታዬ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ብርቱካንም የገባት ያኔ ነው መሰለኝ፤ ሊዲያን መታ መታ ማድረጓን አቆመች።

እማ ቀኗን አስቀድማ ሰጥታለች። ዛሬ የራሷን ነው የምትቀበለው። ዛሬ ካለፈ ማንም ከማንም የሚፈልገው የለም፤ እኩል ነን። የሚያወርዳት ነገር የለም።

«ሂጂ» አለችኝ ብርቱካን። «ወልድያ መናኸሪያ ሂጂ። የሐራ መኪኖች የሚሞሉበትን ጠይቂ።»

«ሁለቱን ብቻሽን? ሊመሻሽ ነው እኮ፤ ዓሪፍ ሲመሻሽ —»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ሄድኩ። ሚኒባሱ ላይ ማን አጠገቤ እንደነበረ አላስታውስም። በልቤ የምላትን አዘጋጅ ነበር፤ መጀመሪያ ስድብ አዘጋጀሁ፣ ከዚያ ልመና፣ ከዚያ ደግሞ ስድብ። ደግሞም ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ከሄደች እኔ ምን እንደምሆን። ነገም ዓሪፍ፣ ከነገ ወዲያም ዓሪፍ። ሳገባም ዓሪፍ፤ ማን ሊያገባኝ! ለእማ ያለቀስኩ መስሎኝ ለራሴ አለቀስኩ።

መናኸሪያው ገብቼ «ሐራ! ሐራ!» የሚለውን ድምፅ ተከተልኩ። አንድ ቀጭን ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሐራ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» ይላል።

«ወንድሜ፣ አንዲት ሴትዮ አላየህም? ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ፌስታል የያዘች —»

ሳልጨርስ ፊቱ ተለወጠ። «ዘመድሽ ናት? ባክሽ ውሰጂልን! ከቀትር ጀምሮ ስታበጣብጠን ነው የዋለችው። ትሳፈራለች፤ መኪናው ሲሞላ ትወርዳለች። ደግሞ የሚቀጥለው ላይ ትሳፈራለች፤ ሲሞላ ትወርዳለች። ተራ አስከባሪው ራሱ ሰልችቶት ተዋት። አሁንም ያውና!»

በመስኮቱ አየኋት። ከኋላ ወንበር፣ ጥግ ላይ። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ ታያለች። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የቀረው አንዱ ሰው የሚቀመጥበት እሱ ነው።

ያዘጋጀሁት ስድብም ልመናም ጠፋ። ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሞላ!» አለ ረዳቱ፤ በሩን ዘጋው።

እናቴ ዞር አለች። እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ፤ ከዚያ አወቀችኝ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ሐራ ልሄድ።»

«አንቺ ሐራ ምን አለሽ?»

«አንቺ ያለሽ ነገር።»

ሞተሩ ተነሳ። ሰዎች ዕቃቸውን ያስተካክላሉ። እማ ከንፈሯ ደርቋል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣችም።

«ወረድኩ እኮ» አለች በሹክሹክታ። «በየጊዜው ወርጃለሁ ወላሂ። ግን ስወርድ እግሬ ወደ ሲሪንቃው መኪና እንቢ አለኝ። ወደዚህም እንቢ፣ ወደዚያም እንቢ። ምን ላድርግ ዙልፋዬ?»

መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ መዞር ጀመረ።

«ዓሪፍስ?» አለች።

«እትዬ ብርቱካን ጋ ነው።»

«ማን አብሯት አለ?»

«ማንም። ደሳለኝ ተረኛ ነው። ሁለቱንም ይዛ ብቻዋን ናት።»

«ብቻዋን?» እማ ወደ መስኮቱ ዞራ ፀሐይዋን አየች። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ተቀምጣለች። «ዙልፋ፣ ሊመሻሽ ነው እኮ! ነገርሻት? ሲመሻሽ እንደሚሮጥ ነገርሻት? ቦይ አለ እኮ እዚያ!»

«ታውቃለች —»

«አታውቅም! እሷ ሊዲያን ነው የምታውቅ! ሊዲያ አትሮጥም! መጀመሪያ ቆሞ በሩን እንደሚያይ ነገርሻት? በግራ በኩል ካልያዙት እንደሚያመልጥ ነገርሻት?»

መኪናው ከመናኸሪያው በር ወጣ። እማ ተነስታ ቆመች፤ ጭንቅላቷ ጣራውን መታው።

«ወራጅ አለ!»

«ምን?» አለ ረዳቱ። «አሁንም?»

«ወራጅ አለ አልኩህ! አቁም! ልጄ!»

መኪናው ሙሉ ሰው አጉረመረመ። አንዲት ሴትዮ «እብድ ነው እንዴ የጫናችሁት» አለች። «እብድስ አንቺን ያስጫነ» አልኳትና ከእናቴ ኋላ ዘለልኩ። ረዳቱ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ሲሪንቃ ስንመለስ እማ አንዲት ቃል አልተናገረችም። የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጣ መኪናውን በእጇ የምትገፋ ትመስላለች። እኔ ደግሞ ቦዩን አስብ ነበር። ውሃው ብዙ አይደለም፤ ግን ዓሪፍ ውሃ ሲያገኝ በጀርባው ነው የሚተኛበት፤ ሽቅብ እያየ። እማን ፍለጋ ስሄድ እሱን ውሃ ወስዶት ቢሆንስ? ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ወስዶት ቢሆን ሁላችንም ምን እንደምንሆን ለቅጽበት አሰብኩ። እማም እንዳሰበች አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ያኔ ብረቱን ለቃ እጄን ያዘችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ።

ከአስፋልቱ ሮጥን። የመግሪብ አዛን እየተባለ ነው። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ የሊዲያ ዜማ እንኳ አይሰማም። እማ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች።

ብርቱካን የውጭውን በር ዘግታ፣ በሩን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጉንጯ ተቧጭሯል። ሹሩባዋ ተፈትቶ ፀጉሯ ቆሟል። ሊዲያ እግሯ ሥር ተጠቅልላ ተኝታለች። ዓሪፍ ግን አለ። እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ ግን አለ። ብርቱካን እጁን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ በቀኝ በኩል።

እማ ወድቃ ተቀመጠች። ዓሪፍ አላቀፋት፤ እሱ ማቀፍ የለውም። ከብርቱካን እጁን ነጠቀና የእማን የእጅ አንጓ ያዘ፤ እጇን እንደ ማንኪያ አንስቶ የጀሪካኑ ክዳን ላይ አደረገው። አሽከርክሪልኝ ማለቱ ነው። አሽከረከረችለት። እያለቀሰች አሽከረከረችለት።

ብርቱካን የት ነበርሽ አላለችም። «ከየትኛው መኪና ወረድሽ?» ነው ያለቻት።

እማ ወደ እኔ አየች፤ ወደ ብርቱካን አየች። ከዚያ ሁለቱ ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ አልወድም፤ ለቅሶ ድንኳን መሃል ዓሪፍ የሳቀው ዓይነት ነው።

«ሮማን ዘንድ ደግሜ አልሄድም ብዬ አልምልልሽም» አለች እማ በኋላ፣ ፊቷን እየጠረገች። «መማል አልችልም።»

«እኔም አልምልም» አለች ብርቱካን። «ግን ከአሱር ወዲህ ያለው የኔ ነው። በትርፍ ነው የያዝኩልሽ። ትመልሺያለሽ።»

«ሰኞ አምጫት።»

«ሰኞ አመጣታለሁ። እንደገና ደግሞ አንቺ በትርፍ ትይዢልኛለሽ። እኩል መሆን አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ አንዳችን ያለብን ይሁን።»

ዓሪፍን አንስተን ልንወጣ ስንል እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«የኔስ?»

«ምን ያንቺስ?» አለች እማ።

«የኔ ቀን። ሊዲያ መርሳ የመጣች ዕለት ስሮጥ የዋልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም እኔ ነኝ። ወንፈል ላይ እኮ የመጣ እጅ ሁሉ ይቆጠራል፤ እኔ እጅ የለኝም?»

ብርቱካን በተቧጨረው ጉንጯ ሳቀች። «ኧረ ኢሕሳን፣ ይቺ ልጅሽ ጠበቃ ናት! እውነቷን ነው፣ ስጫት።»

እማ ግን አልሳቀችም። ጠዋት አቧራው እስኪረጋ ቆሜ መኪናዋን ያየሁበትን ዓይን ራሴ አላየሁትም፤ ግን እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ያየችኝ። ፌስታሉን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ማክሰኞ» አለች በመጨረሻ።

«ማክሰኞ ይሁን።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እኔ እንጃ። ገና አላሰብኩትም።»

«ከማን ጋር?»

«የት ሄድሽ መባባል የለም ተብሏል እኮ።»

መኪናው መጣ። ዓሪፍን መሃላችን አስቀመጥነው፤ እማ ግራውን ያዘች። ትንሽ እንደሄድን ከጭንቅላቱ በላይ አንገቷን አስግጋ «መርሳ ውስጥ ነው ወይስ ከመርሳ ውጭ?» አለችኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «በእግር ነው በመኪና?» አለች። ደግሞ ትንሽ ቆይታ «ወልድያ ከሄድሽ መናኸሪያው ውስጥ አትቁሚ» አለች። መርሳ እስክንገባ ጥያቄዋ አላለቀም። ወርደንም አላለቀም።